ቅቤ የሌለው ቀይ ወጥ፦ የሐዋሳ እንግዶች፣ ጾም፣ ቬጂቴሪያንና ቪጋን

ይህ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የአንድ ውይይት (ክር) ቅኝት ነው፤ መልሶቹን በየተራቸው እጠቅሳለሁ። ክሩን የከፈተው ሐዋሳ ውስጥ የምግብ ቤት ማድ ቤት የሚመራ ሰው ነው። ሥጋ አንበላም የሚሉ እንግዶች በዝተዋል ይላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ህንዳውያን ይመጣሉ፣ ወደ ሐይቁ ደግሞ የውጭ ጎብኚዎች አሉ፤ ግማሾቹ ቬጂቴሪያን (ሥጋና ዓሣ የማይበሉ)፣ ግማሾቹ ቪጋን (ወተት፣ እንቁላልና ማርን ጨምሮ ከእንስሳ የመጣ ምንም የማይበሉ) ነን ይላሉ። እሱ የያዘው አቋም የጾም ምግብ ለሁለቱም ይበቃል፣ ሌላ ሜኑ ማውጣት ትርፍ ወጪ ነው የሚል ነው። ከዚያ የሙያ ጥያቄ አስከተለ፦ የጾም ምስር ወጡ ጉሮሮ ይከረክራል፤ በዚያው በርበሬ ቅቤ የገባበት ወጥ ግን ለስላሳ ነው። ምን ቢደረግ ይሻላል?

በአንድ ልጥፍ ሁለት ጥያቄ ቢመስልም የሚገናኙት ቅቤው ላይ ነው፤ ክሩም በሙሉ በዚያ ዙሪያ ሲመላለስ ቆየ።

1ኛው መልስ በትሕትና የተስማማ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለው የጾም ምግብ ቪጋኑን ይመግባል፤ ቪጋን የሚበላውን ቬጂቴሪያን ስለሚበላው ጭንቀት አያስፈልግም አለ።

2ኛው ይህን ለማረም የገባች እህት ናት፤ ቀኑን ይዛ ነው የተከራከረችው። የጾም ምግብ በየቀኑ አይገኝም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የሁዳዴው 55 ቀን አለ፤ ከትንሣኤ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ብዙ ቤት ከጾም ድስቱ ያርፋል። በእነዚያ 50 ቀናት የመጣ ቪጋን ሽሮ ቢያዝ ቅቤ ያለበት ይቀርብለታል። ቬጂቴሪያኑ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። ወተት፣ አይብና እንቁላል የሚበላ ሰው በጾም ሳምንት ከምስርና ከጎመን ሌላ አያገኝም፤ ጠዋት እንቁላል ፍርፍር ሲጠይቅ የለም ይባላል። ማርንም አነሳች። ጾም ማርን አይከለክልም፣ ቪጋን ግን ከእንስሳ የመጣ ስለሆነ አይነካውም። ስለዚህ በጠጅ የተለወሰ አዋዜ ለጾመኛ ይሆናል፣ ለቪጋን አይሆንም። በውሃና በዘይት ብቻ መለወስ ነው መፍትሔው። እኔ ከክሩ የመጀመሪያ ክፍል ይህን መልስ አስቀድማለሁ፤ የሐሳብ ልዩነቱን ትታ በየትኛው ቀን የትኛው ድስት ባዶ እንደሚሆን አሳየች።

3ኛው ወደ ወጡ ገባ። ሙያቸው ከአጻጻፋቸው የሚታወቅ እናት ናቸው፤ ወንድማችን ብለው ጀምረው ጥፋቱን ከበርበሬው ላይ አንስተው ሽንኩርቱ ላይ ጣሉት። የጾም ወጥ የሚከረክረው ቁሌቱ ሳይበስል በርበሬ ሲገባበት ነው አሉ። የሰጡት ልክ ለግማሽ ኪሎ ምስር ክክ ነው፦ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት፣ ለብ ባለ እሳት ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ሲይዝ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ሽንኩርቱ ቅርጹን ለቆ ቡናማ ሲሆን ሦስት አራተኛ ስኒ ዘይት ይገባል፤ 5 ደቂቃ ቆይቶ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ወዲያው ተከትሎ 2 ወይም 3 ማንኪያ ውሃ። ይቺ ውሃ ግዴታ ናት ብለው አስምረውበታል፤ በርበሬ በደረቅ ጋለ ዘይት ላይ ከወደቀ በደቂቃ ውስጥ ያርራል፣ ያረረ በርበሬ ምሬቱ በምንም አይመለስም። ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረጉ 15 ደቂቃ ማቁላላት፣ ጥሬ ጥሬ የሚል ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ቀልቶ ከዳር እስኪወጣ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚገባው አሁን ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይያዛል። የታጠበው ክክ ከፈላ ውሃ ጋር ይጨመራል፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበስላል፤ ጨውና መከለሻው መጨረሻ ላይ። ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ወጡን ስለሚያቆራርጠው ማሰሮ ሙሉ ፍል ውሃ አጠገብ ይኑር አሉ።

በዚህ ልክ በዘይት የሚሠራ ሰው ስለ ቅቤ ማነስ ይጠይቃል ብዬ አላምንም።

4ኛው ቅቤ የሚያለሰልሰው የወተት ፕሮቲን ስላለው ነው፣ ፕሮቲኑ የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር ይይዘዋል አለ። 5ኛው በከፊል ብቻ ተቀበለው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ በስብና በአልኮል ግን ይሟሟል። ወተት ሲቃጠል አፍ የሚያበርደው ካዚን የሚባለው ፕሮቲኑ ስለሚይዘው ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ንጥር ቅቤ ላይ ግን ዝቃጩ ተጠሎ ስለሚቀር ፕሮቲኑ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ስቡ ነው፣ ስቡን ደግሞ ዘይትም ይሰጣል። ልዩነቱ ሦስት ነው አለ፦ ሰው ቅቤ ሲጨምር እጁ አይሳሳም፣ ዘይት ሲጨምር ይሰስታል፤ ንጥር ቅቤ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ይዞ ይመጣል፣ ዘይት ባዶውን ይመጣል፤ በፍስክ ወጥ ሥጋው እስኪበስል ቁሌቱ ረጅም እሳት ያገኛል፣ ምስር ግን በቶሎ ይደርሳል።

እግረ መንገዱን ስለ ቃሪያ ጨመረ። ብዙ ሰው ፍሬውን አራግፎ ቃጠሎውን የቀነሰ ይመስለዋል፤ ካፕሳይሲኑ በብዛት ያለው ፍሬው የተጣበቀበት ነጭ ጅማት ላይ ነው። ለስንግ የሚሰነጠቅ ቃሪያ ጅማቱ በቢላ ጫፍ ካልተፋቀ ፍሬው ቢወጣም ያው ነው። ለከታፊዎችም አሰበላቸው፦ እጅ ሲቃጠል ውሃ ብቻ አይበቃም፣ መጀመሪያ ዘይት ተቀብቶ ማሸት፣ ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ።

6ኛው ከዚህ ተነሥቶ ዘይቱን እንደ ቅቤ የማንጠር ዘዴ ሰጠ። ለ1 ሊትር ዘይት 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ 1 የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ያንኑ ያህል ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ በቁንጥር የደረቀ ኮሰረትና በሶብላ። ዘይቱ ሳይጨስ፣ ቅመሙ ሳይጠበስ፣ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ 30 ደቂቃ፤ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል። አብሽ ከበዛ ይመራል፣ እርድ ከበዛ የወጡን ቀለም ወደ ብርቱካናማ ይወስደዋል። ሽሮ ላይ ከእሳት ሊወርድ ሲል 1 ማንኪያ ብቻ ይበቃል። ሠርቶ በጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል ብሎ ዘጋ።

ያን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር 7ኛው አልለቀቀውም። ከዚህ በፊት የነበረው ጨዋነት እዚህ ላይ ጠፋ፤ ሰው ልትገድል ነው ወይ የሚል ያህል ነው የጻፈው። እኔ ግን ቁጣው ልክ ነው እላለሁ። እርጥብ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከአፈር የመጣ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊይዙ ይችላሉ፤ ዘሩ ለስላሳ እሳት አይገድለውም፣ ዘይት ደግሞ አየር ስለሚከለክል በክፍል ሙቀት ይራባና መርዝ ያመነጫል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ እርጥብ ነገር የገባበት ዘይት ተጠሎ ቢሆንም ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ4 ቀን ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከተፈለገ በረዶ ቤት ይግባ። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ በደረቅ ቅመም ብቻ ይሠራ፣ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በየዕለቱ ድስት ውስጥ ይግቡ። 6ኛው ጸሐፊ ተመልሶ በደረቅ ቅመም የሚሠራውን ልክ ለጠፈ፤ ኮረሪማውን ወደ አንድ ማንኪያ ተኩል ከፍ አድርጎታል።

በ8ኛው መልስ ነገሩ ወደ ዓሣ ዞረ። ሐዋሳ ሆኖ ዓሣ ሳይነሣ አይቀርም። ጸሐፊው ብዙ ምግብ ቤት በጾም ቀን ቆሮሶ ጥብስና የዓሣ ጉላሽ የጾም ብሎ እንደሚያቀርብ አስታወሰና፣ የጾም ምግብ ያዘዘ ቪጋን ዓሣ ቢቀርብለት ምን ይሆናል ሲል ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። 9ኛው ግን ጥያቄውን ትቶ ዓሣ የጾም ነው የሚለውን ነቅፎ ጻፈ፣ 10ኛው በእሱ ላይ፣ 11ኛው በሁለቱም ላይ። ማን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያውቃል፣ ማን አያውቅም የሚል መወራረፍ ሆነ፤ ከነዚህ ሦስቱ ውስጥ ለማድ ቤት የሚረባ አንድም መስመር አላገኘሁም። አወያዩ በ12ኛው ገብቶ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየንስሐ አባታችሁ አቅርቡ፣ እዚህ ግን ቬጂቴሪያንም ቪጋንም ዓሣ እንደማይበላ ይያዝ ብሎ ቆረጠው።

13ኛው ያንን ወደ ሥራ መለሰው። ሜኑ ላይ ዓሣ ከጾም ዝርዝር ወጥቶ ራሱን ችሎ ይጻፍ፤ ዓሣ የተጠበሰበት ዘይትም ድንችና ሳምቡሳ እንዳይጠበስበት። ይህ የሐይቅ ዳር ቤቶች ሁሉ የሚሳሳቱበት ነው ብሏል። ዓሣውን አንድ መጥበሻ፣ የአትክልቱን ሌላ መጥበሻ ማድረግ ወጪው የአንድ መጥበሻ ዋጋ ብቻ ነው። ዓሣ መሳይ ለሚፈልግ ጾመኛ የሽምብራ ዓሣ አለ ብሎም አስታወሰ፦ ሽምብራው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍቶ ይፈጫል፤ 2 ስኒ ዱቄት ከደቀቀ ሽንኩርት፣ ከጨው፣ ከ2 ማንኪያ ዘይትና ጠብ ጠብ ከተደረገ ውሃ ጋር ጠንከር ብሎ ይለወሳል፣ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ይጠበስና በተቁላላ በርበሬ ውስጥ 10 ደቂቃ ይንተከተካል። ሊጡ ከላላ ዘይት ውስጥ ይበተናል፤ ከልክ በላይ ከጠነከረ ደግሞ ወጡ ውስጥ ይሰነጠቃል።

14ኛው ስለ ህንዳውያን እንግዶች ነበር፤ አጭርና ጠቃሚ። አብዛኞቹ ህንዳውያን ቬጂቴሪያኖች ወተትና ቅቤ ይበላሉ፣ እንቁላል ግን አይበሉም፤ ስለዚህ ቬጂቴሪያን ሲባል ኦሜሌት ማምጣት ሁልጊዜ አይሠራም፣ መጠየቅ ነው። የጃይን እምነት ተከታዮች ደግሞ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንችም አይበሉም፤ ለእነሱ ቁሌት ያለበት ወጥ ሁሉ ይወጣል፣ በቲማቲም፣ በቃሪያና በእርድ የሚሠራ አልጫ ይቀራል። የአይብ ጉዳይም አለ፦ የእኛ አይብ አሬራው በእሳት ስለሚረጋ ለቬጂቴሪያን ችግር የለበትም፣ ፓርሜዛን ግን ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ስለሚሠራ ፒዛ ላይ የሚነሰንሱ ቤቶች ይወቁት።

15ኛው የተደበቁትን ለቀመ። የሸክላ ጣባ ቅቤ ይጠጣል፤ በፍስክ ቀን ሽሮ የተሠራበት ጣባ ታጥቦም ሲግል ቅቤው ይሸታል፣ ስለዚህ የቪጋን ሽሮ የራሱ ምልክት ያለው ጣባ ይኑረው። ኩብ ቅመም የዶሮ ስብ የሚገባበት አለ፣ ጀርባው ይነበብ። የዳቦ ቅቤ የሚባለው ማርጋሪን የወተት ዱቄት ሊኖርበት ይችላል። ከገበያ የተገዛ ድልህ በቅቤ ተቁላልቶ ሊሆን ይችላል። ቆጮው ራሱ ከእንሰት ነው፣ ቡርሳሜ ከሆነ ግን ቅቤ አለው። ጎመን በሥጋ የተቀዳበት ጭልፋ ደግሞ ጥቁር ጎመን ውስጥ አይግባ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ጭልፋው ነው ብዬ እጨምራለሁ፤ ሌላው በግዢ ጊዜ አንዴ ይስተካከላል፣ ጭልፋ ግን በየደቂቃው የሚሆን ነገር ነው።

16ኛው የሥነ ምግብ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ጾመኛ ጾሙ ሲፈታ ሥጋና ወተት ስለሚበላ ቫይታሚን ቢ12 ይሞላል፤ ቪጋን ግን ዓመቱን ሙሉ ከእጽዋት ብቻ ስለሚኖር አያገኘውም። አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል፤ ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከክኒን መምጣት አለበት። የብረት ነገር ላይ ቃሪያን አመሰገነ፦ ጥሬ ቃሪያ ቫይታሚን ሲ ስላለው ከምስርና ከጤፍ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዲገባ ያግዛል፤ ስለዚህ ስንግ ከምስር ወጥ ጎን መቅረቡ ጥሩ ሥርዓት ነው። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚይዙ ከምግብ 1 ሰዓት ያህል ይቆዩ። 17ኛው ቢ12 በስፒሩሊና አልጌ ይገኛል፣ እሱም ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ይበቅላል አለ፤ 18ኛው በአንድ መስመር መለሰው፦ ስፒሩሊና ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት ቢ12 መሳይ ነው።

ከዚያ ክሩ ወደ በርበሬ ገበያ ሸሸ። 19ኛው ይህ ሁሉ የሚሠራው በርበሬው በርበሬ ከሆነ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ሸክላና ቀለም ነው ሲል በምሬት ጻፈ። 20ኛው፣ የወፍጮ ቤት ሰው፣ ምሬቱን በዘዴ መለሰ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ቁንጥር በርበሬ መነስነስ፦ የበርበሬ ቀለም በዘይት እንጂ በውሃ ብዙም ስለማይሟሟ ውሃው ወዲያው ቀይ ክር እየሳበ ከቀላ ቀለም ገብቶበታል፤ ታች የዘቀጠው በጣት ሲፈተግ አሸዋ አሸዋ ካለ ሸክላ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዛላውን ገዝቶ ራስ ማዘጋጀት ነው። የማረቆ ወይም የአላባ ዛላ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ ሲያንቀጠቅጡት ፍሬው የሚሰማ ይሁን። ክብደት እንዲያነሣ ውሃ የተረጨበት ዛላ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ይይዛል፤ በሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ደግሞ በማመስም በማብሰልም አይጠፋም። ስለዚህ ከ10 ዛላ አንዱን ሰንጥቆ ማየት ነው።

ለ10 ኪሎ ዛላ የሰጠው ልክ ይህ ነው፦ ተቀንጥሶ ጸሐይ ከጠገበ በኋላ ከ1 ኪሎ ተኩል ነጭ ሽንኩርት፣ ከ1 ኪሎ ዝንጅብል፣ ከ1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ከእፍኝ በሶብላና ከጥቂት ጤና አዳም ጋር ይደለዛል። 2 ቀን ታፍኖ ይቆይና በንጹሕ ሸራ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ስስ ሆኖ ይሰጣል። ወፍሮ ከተሰጣ ከታች ይሻግታል። ደረቅ ቅመሙ ለየብቻው ይታመሳል፣ የአንዱ ማረሪያ የሌላው ማሞቂያ ስለሆነ፤ ኮረሪማ ግማሽ ኪሎ፣ ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ሩብ ሩብ፣ አብሽ ከዚያ ያነሰ። ጨው ወፍጮ ላይ 1 ኪሎ። ሲፈጭ የሞቀው ዱቄት በዕቃ ከታፈነ ላብ ያወጣና ይቋጠራል፤ አቀዝቅዞ መክደን ነው። ብርሃን የሚያገባ ዕቃ ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። 21ኛው ኮረሪማው በዛ አለ፣ 20ኛው ለጾም ወጥ አይበዛም፣ ቅቤ የሚያመጣውን ሽታ በርበሬው ራሱ መያዝ አለበት ብሎ መለሰ። በዚህ እስማማለሁ።

22ኛው ለምን ሁሉም ስለ ደረቅ በርበሬ ብቻ ያወራል፣ ዳጣ ተረሳ ወይ ሲል ተቆጣ፤ ደቡብ ተቀምጦ ዳጣ መርሳት ነውር ነው አለ። ልኩ፦ ግማሽ ኪሎ እሸት ቃሪያ፣ የሚቃጠል ለሚወድ ሩቡ እሸት ሚጥሚጣ ሆኖ፣ 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ አንጓ ዝንጅብል፣ ትኩስ በሶብላ፣ ትንሽ ጤና አዳም፣ ኮረሪማና ጨው፣ ያለ ውሃ ድንጋይ ላይ የተፈጨ። ብሌንደር ካስፈለገ በውሃ ፈንታ የሎሚ ጭማቂ። ለቪጋንም ለቬጂቴሪያንም ለጾመኛም ያለ አንድም ጥያቄ የሚቀርብ ነው፤ በትንሽ በትንሽ ተሠርቶ ፍሪጅ ይቀመጥ።

23ኛው ላይ ክሩን የከፈተው ሰው ተመለሰ። ምስሩን በ3ኛው ልክ እንደሚሠራ፣ ዘይቱን በደረቅ ቅመም እንደሚያነጥር፣ ሽሮና ምስር በፍስክ ቀንም ያለ ቅቤ ተሠርተው ቅቤው በትንሽ ሳህን ለብቻ እንደሚቀርብ ጻፈ። ሜኑው ላይ በየምግቡ ጎን ወተት፣ እንቁላል፣ ማርና ዓሣ ያለበት ይለያል። አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር፦ የውጭ እንግዳ ወጡ በዝቶበት ሲያለቅስ አስተናጋጁ ምን ያድርግ?

24ኛው መለሰለት። ውሃ አይስጡ፤ ቬጂቴሪያን ከሆነ እርጎ ወይም አይብ፣ ቪጋን ከሆነ አቮካዶ፣ ዳቦ በዘይት ወይም ስኳር ያለው ጭማቂ። ድስቱ ራሱ በርበሬ ከበዛበት ውሃ መጨመር ወጡን ያቀጥነዋል እንጂ አያበርደውም፤ በርበሬ የሌለው ቁሌት ለብቻ ተሠርቶ ከተቀቀለ ክክ ጋር ይጨመርበትና 10 ደቂቃ አብሮ ይንተክተክ። ለዚህ ሲባል ጠዋት አንድ ስኒ ነጭ ቁሌት ተሠርቶ ፍሪጅ ይደር።